ቀን ያልተጻፈበት ጣውላ

«ይሄኛው ላይ ቀን የለም» አለች ፋናዬ፣ አዲሱን የዋንዛ ጣውላ እያገላበጠች። «ሌሎቹ ላይ ጋሼ በጠመኔ ጽፈዋል። ለምንድን ነው የሚጽፉት?»

ትሩፋት የቤታቸው በር ደፍ ላይ ተቀምጣ የታናሽ ወንድሟን ሸሚዝ ቁልፍ ትተክል ነበር። መልሱን አሳምራ ታውቀዋለች። አባቷ መምህር ገሠሠ ከደጋ የመጣ ጣውላ ላይ የመጣበትን ቀን ሳይጽፉ፣ ወር ሙሉ ጥላ ሥር ሳያስተኙት መጋዝ አስነክተውት አያውቁም። «የደጋ እንጨት ደረቅ ነው፤ የአሰብን እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል። መጀመሪያ አገሩን ይልመድ» ይላሉ።

«የአባባ ማስታወሻ ነው» አለች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «ዝም ብለሽ ሥሪ።»

ሁለቱም ስምንተኛ ክፍል ናቸው። ፋናዬ የከባድ መኪና ሹፌሩ የአቶ ውድነህ ልጅ ናት። መምህር ገሠሠ ሃያ ዓመት የእንጨት ሥራ አስተምረው ባለፈው መስከረም ጡረታ ሲወጡ ሰው ሁሉ «እንግዲህ ይረፉ» አላቸው። እሳቸው ግን ማረፍ የሚባለውን ሙያ አልተማሩትም። ግቢው ውስጥ የቆርቆሮ ዳስ ሠርተው መጋዛቸውን፣ መላጊያቸውንና መሮዎቻቸውን ሰቀሉ። ጠዋት ልጆቻቸውን ቁርስ አብልተው ወደ ትምህርት ቤት ይሸኙና ዳሳቸው ይገባሉ። አንድ ቀን ፋናዬ መጥታ «ያስተምሩኝ» አለቻቸው። እሺ አሉ።

ከዚያ ወዲህ ትሩፋት ሰላም የላትም። ሰባት ዓመቷ ላይ አውራ ጣቷን በመሮ ቆርጣ ሰፈሩን በጩኸት ካናወጠችበት ቀን ጀምሮ አባቷ ዕቃቸውን አስነክተዋት አያውቁም። ለፋናዬ ግን መላጊያውን ራሳቸው ስለው ይሰጧታል። «እጅሽ ወርቅ ነው» ሲሏትም በጆሮዋ ሰምታለች። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። ፋናዬ ስትስቅ ትናደዳለች፤ ፋናዬ ላቧን ስትጠርግ ትናደዳለች፤ አባቷ ምሳ ላይ «ያቺ ልጅ ዛሬ መጣች?» ብለው ሲጠይቁ እንጀራዋን ትታ ትነሣለች።

አሁን አባቷ የሉም። የዓፋር ዓሣ አጥማጆችን ጀልባ ሊጠግኑ ራሔይታ ከሄዱ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ጣውላውን አቶ ውድነህ ከደሴ ጭነው ያመጡት ትናንት ነው። ፋናዬ እስካሁን የተለማመደችው ቁርጥራጭ ላይ ነበር፤ አሁን ግን ለወላጆች ቀን ኤግዚቢሽን የሚቀርብ ባለ መሳቢያ ሣጥን ልትሠራ ነው።

በአምስት ቀን ጨረሰችው።

«ነይ እይው!» ብላ ትሩፋትን ጎተተቻት። መሳቢያው ቦታው ላይ ልክክ ብሏል፤ በአንድ ጣት ሲስቡት እሺ ብሎ ይመጣል። «ጋሼ ሲያዩት ምን የሚሉ ይመስልሻል?»

«እኔ እንጃ» አለች ትሩፋት።

ፋናዬ ኮላው ይድረቅ ብላ ሣጥኑን እዚያው ተወችው። የፈተና ሳምንት ስለነበረ አልተመለሰችም። ትሩፋት ግን በየቀኑ ዳሱ እየገባች መሳቢያውን ትስበዋለች። መጀመሪያ ትንሽ ያዝ አደረገ። ከዚያ ጠነከረ። በሳምንቱ ጭራሽ እምቢ አለ። ደስ አላት። ምን ዓይነት ደስታ እንደሆነ ግን እንጃ፤ ከዳሱ ስትወጣ ሰው አይቷት እንደሆነ ግራ ቀኝ ትመለከት ነበር።

መምህር ገሠሠ ፊታቸው በፀሐይ ጠቁሮ፣ የደረቀ ዓሣ አንጠልጥለው ተመለሱ። ልጆቻቸውን ስመው፣ እግራቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ዳሳቸው ገቡ። ትሩፋት ተከተለቻቸው። ይህቺን ሰዓት ስትጠብቃት ነው የሰነበተችው፤ ወርቅ ያሉትን እጅ ሲረግሙ ለመስማት።

መሳቢያውን ሳቡት፤ ሣጥኑ አብሮ መጣ። የተረፈውን ጣውላ አንስተው አገላበጡ፤ ቀን የለበትም። ቀስ ብለው ጉቶው ላይ ተቀመጡ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ሳልነግራት ሄጄ! ለተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የምነግረውን! እውነትም አርጅቻለሁ፤ ጡረታ ያወጡኝ ደርሶብኝ ነው።» ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። «ቢላጭም ገና ያብጣል። ለወላጆች ቀን አይደርስላትም። ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃት።»

ተነሥተው ባርኔጣቸውን አደረጉ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው የሚነሣላቸው ሰውዬ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ይቅርታ ሊለምኑ ነው፤ ያውም ላላጠፉት። ትሩፋት ፊቷ ጋለ።

«አባባ፣ አይሂዱ። ስለ ቀኑ ጠይቃኝ ነበር። እያወቅኩ ዋሸኋት።»

አባቷ ዞረው አዩዋት። «ለምን?»

«ለእሷ የሚሏትን ለእኔ ብለውኝ አያውቁማ!» አለች። «እኔ እኮ ልጅዎ ነኝ።»

መምህር ገሠሠ ባርኔጣቸውን መልሰው አወለቁ። ትሩፋት ሣጥኑን አንሥታ ደረቷ ላይ አቀፈችው።

«አብሬሽ ልምጣ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አይ፣ ብቻዬን እሄዳለሁ።»

የአቶ ውድነህ ቤት ሦስት በር አልፎ ነው። ፋናዬ በሩን ከፍታ ሣጥኑን ስታይ ፈገግታዋ ጠፋ።

«ምነው? አበላሸሁት እንዴ?»

«አንቺ አይደለሽም» አለች ትሩፋት። «ነግሬሽ እስክጨርስ ድረስ ግን በሩን እንዳትዘጊብኝ።»