ስቶክሆልም የቀረው አቤት

ውሸት ነው የምትሉ ከአሁኑ ዝጉት። እኔ የምጽፈው ተናድጄ ነው።

ሰኔ ነው፤ ቅዳሜ ቀን። ጎንደር አራዳ፣ ነጠላ ከምሸጥባት ሱቄ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ሰዓቱ ልክ ስድስት።

ቀትር...

ልጄ ጽጌሬዳ ፋሲል ግንብ አስጎብኚ ናት። እኔ ግን ማሬ ነው የምላት። ከእኔ በቀር ማሬ የሚላት ሰው በዓለም የለም።

ለሥልጠና ብለው ስዊድን አገር፣ ስቶክሆልም ወሰዷት። ያን ቀን በቪዲዮ ደውላ ከተማውን ታሳየኛለች።

ሸጋ ከተማ ነው፤ አልዋሽም። ውሃ መሀል የተቀመጠ፣ ደሴቱ ሁሉ በድልድይ የተያያዘ። የንጉሡ ቤተ መንግሥት። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ የድሮ መንገድ።

«ፀሐይዋ እኮ እዚህ ማታም አልጠልቅም ትላለች፣ እማ» ትለኛለች እየሳቀች።

ከዚያ አንድ ጨለምለም ያለ አዳራሽ ገባች። ውስጡ መርከብ ቆሟል። ሙሉ የእንጨት መርከብ፣ ግንብ የሚያህል።

«የእኛ ፋሲል ሊነግሥ ጥቂት ዓመት ሲቀረው ነው የሰጠመው። በመጀመሪያ ጉዞው! እዚሁ ከተማው ፊት፣ ሕዝብ እያየው። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ውሃ ስር ኖሮ አወጡት።»

«ሰዎቹስ?»

«የትኞቹ?»

«የሰጠሙት ነዋ!»

ልትመልስልኝ አፏን ከፈተች... ዘወር አለች።

«አቤት እማ?»

ወደ እኔ አይደለም። ወደ መርከቡ።

ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት።

«ማንን ነው አቤት የምትይ?»

«ጠራሽኝ እኮ። ማሬ አልሽኝ።»

«አልጠራሁሽም!»

«በራስሽ ድምፅ... ከኋላዬ...»

«አንች ልጅ! ቀትር ላይ ሦስት ጊዜ ሳይጠሩሽ አቤት አይባልም አላልሁሽም?»

ሳቀች።

«ቀትሩ ያንች ነው እማ። እዚህ ገና አምስት ሰዓት ነው።»

ሳትጨርስ እኔም ሰማሁት። ከስልኩ ውስጥ... የገዛ ድምፄ።

«ማሬ...»

አፌን ግጥም አድርጌ ይዣለሁ። እግዜር ምስክሬ ነው!

«አቤት!» አለች ልጄ።

ስልኬ ድርግም አለ። ቢሉት ቢሠሩት አልበራ አለኝ፤ ሱቁ መሳቢያ ውስጥ ወረወርሁት።

በሳምንቱ መጣች። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ወርጄ ተቀበልኋት። መልኳም እሷ፣ የግንባሯ ጠባሳም እሷ። ስስማት ግን ፀጉሯ እርጥብ ነው... ብዙ ዘመን ውሃ የበላው እንጨት ይሸታል።

ትበላለች። ትተኛለች። ቃል ግን አይወጣትም።

ጠዋት ትራሷን ስነካው ይንጠባጠባል።

ጸበል ወሰድኋት። ሌላው ይጮሃል፤ እሷ ዝም ብላ ጠጣች። ጠጣች... ጠጣች... ሰው ተጋግዞ ነው ከውሃው የለያት።

ወንድሜ ባምላክ «የአውሮፕላን ድካም ነው» አለኝ።

«ወር ሙሉ?»

«ምነው አንች ሴት! ልጅሽ በሰላም ገባችልሽ፣ ተመስገን በይ እንጂ!»

«የቀረችውስ?» ብየ ከቤቴ አባረርሁት።

እንግዲህ እኔ እልኸኛ ነኝ። ልጄን በእኔ ድምፅ ጠርቶ የወሰደ ማንም ይሁን ማን፣ እኔም በራሴ ድምፅ ጠርቼ አስመልሳታለሁ አልሁ።

ትናንት ቀትር ላይ ሱቅ ወሰድኋት። ከፊቴ አስቀመጥኋት። በሩን ዘጋሁት። ዓይን ዓይኗን እያየሁ ጠራሁ።

«ማሬ!»

ደገምሁት።

«ማሬ!»

ከንፈሯ እንኳ አልተነቃነቀም።

ሦስተኛውን ጮህሁት፤ አራዳ ይስማው ብየ።

«ማሬ!!»

«አቤት... እማ...»

ከመሳቢያው ውስጥ ነው።

ዘወር አልሁ። ከመሳቢያው ስር ውሃ ጠብ... ጠብ... ይላል።

«እማ... አለሁ... እዚህ ነኝ...»

ልከፍተው እጄን ስዘረጋ፣ ከፊቴ የተቀመጠችው እጄን ያዘችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፈተች።

ወደ እኔ አላየችም። ወደ መሳቢያው ጎንበስ አለችና፣ በእኔው ድምፅ፣ ቀስ ብላ...

«ማሬ... ዝም በይ» አለቻት።