የታፈነው ሞተር

«ነገ ትንሽ እንዲያስል አድርጊው» አለ ዲስኩር።

ሚስማር ከተንበረከከችበት ቀና አለች። የትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ ወለል ላይ፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ከሠሯት ባለ አንድ መቀመጫ የውድድር መኪና ጎን፣ እስከ ክርኗ ግራሶ ተለቅልቃ የካርቡሬተሩን ክዳን እያጠበቀች ነበር። ጆሮዋን ተጠራጠረች።

«ምን እንዲያደርግ?»

«እንዲያስል። እንዲደክም። እንዲያነክስ። ቃሉን አንቺ ምረጪ።»

ዲስኩር የቡድኑ ካፒቴን ነው። ስሙን ያወጡለት የክፍሉ ልጆች ናቸው፤ መስኮት ክፈት ሲባል እንኳ ስለ ንጹሕ አየር ጥቅም ሳይናገር አይከፍትም። መኪናዋ ላይ የእሱ አሻራ ያረፈበት ነገር ቢኖር ቀለሙ ብቻ ነው፤ እሱንም ሲመርጥ እንጂ ሲቀባ ያየው የለም። ሚስማር ደግሞ ሚስማር የተባለችው ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም። ምላሷም ይወጋል።

«እስቲ ረጋ ብለሽ አስቢው» አለና ጣቶቹን አቆላልፎ ደረቱ ላይ አኖረ። «ሕጉ ምን ይላል? ማንም ትምህርት ቤት ከተቀመጠው የወጪ ጣሪያ በላይ አያወጣም። ሞተሩም ታሽጓል፤ ከካርቡሬተሩ በቀር መነካካት የለም። ግን ነገ የሁሉም ሞተር ጉልበት ይለካል። ከሁሉም ደካማ ለሆነው፣ ለአንዱ ብቻ፣ ማኅተሙ ይፈታለታል፤ ከጣሪያው በላይ እንዲያወጣም ይፈቀድለታል። ዓላማው ወደ ኋላ የቀረው እንዲደርስ ነው። ታዲያ ነገ ወደ ኋላ የቀረነው እኛ ብንሆንስ?»

«እኛ ባለፈው ውድድር ሦስተኛ ነው የወጣነው።»

«ለዛ ነዋ! ሦስተኛ የወጣ ሞተር አዲስ ፒስተንና አዲስ ቫልቭ ሲጨመርለት ምን ይሆናል?»

«ዓይን ያወጣ ሌብነት ይሆናል።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ሹፌራቸው ላባ ነበር፤ ክብደቱ ከራስ ቁሩ ብዙም የማይበልጥ ልጅ። «አትካበጂ ባክሽ» አላት። «ስትራቴጂ ነው የሚባለው። ፋራ አትሁኚ።»

ሚስማር ዓይኗን ወደ በሩ ወረወረች። የፊዚክስ መምህራቸው እዚያ ቆመው ነበር፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ።

«ቲቸር፣ ሰሙት አይደል?»

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጣሪያውን አዩ፣ ወለሉን አዩ፣ ከዚያ ኪሳቸውን ዳበሱ። «እኔ እንኳን... አንድ ስልክ ላናግር» ብለው ወጡ። ስልኩ አልጮኸም ነበር። ሰው እንዲህ በዝግታ ሲያንስ አይታ እንደማታውቅ ሚስማር አሰበች።

ዲስኩር ወደ መሣሪያ ሳጥኑ ጎንበስ ብሎ ካቻቢቴ አነሳ። «ካልፈለግሽ ግድ የለም። እኔ ራሴ እሠራዋለሁ።»

ያዘው በስለቱ በኩል ነበር።

ሚስማር ያንን ሞተር ከተበላሸ የዕቃ ማመላለሻ ሞተር ብስክሌት ላይ ያወጣችው፣ የትምህርት ቤት ዕረፍቷን ሙሉ የአየር መግቢያውን በአሸዋ ወረቀት እያሻሸች እንደ ብርጭቆ ያለሰለሰችው እሷ ናት። ያ ልጅ እጁን ሲያስገባበት ታያት። አንገፈገፋት።

«አምጣ» አለችና ነጠቀችው። ከእሱ እጅ የእኔ ይሻላል፤ ቢያንስ አይጎዳም፤ ለራሷ ያለችው ይህን ነበር። ከብሎኖች ጣሳ ውስጥ ቀዳዳዋ የጠበበ ሮንዴላ፣ ጠፍጣፋ የብረት ቀለበት፣ መርጣ የአየር መግቢያው ጉሮሮ ላይ ሸጎጠችና ካርቡሬተሩን መልሳ ገጠመች። ሲነሳ ሞተሩ ትራስ አፉ ላይ እንደተጫነበት ሰው አጉረመረመ።

«ብራቮ!» አለ ዲስኩር። ብራቮው ከስድብ ባሰባት።

ማታ አባቷን እቤት ያገኘችው እግሩን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ ቴሌቪዥን ላይ የትላልቆቹን የመኪና ውድድር ሲያይ ነው። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ እንደ ቀንድ አውጣ ስለሚነዳ ማታ ማታ የሰው ፍጥነት ያያል። የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ይቆጣልኛል ብላ ነበር። ጭኑን መትቶ ሳቀ።

«ብልጥ ነው ልጁ! ሃሃ! ይሄ ነገ ከንቲባ ይሆናል።»

«አባዬ!»

«ምን አባዬ ትያለሽ? ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ነው እኮ። ትልልቆቹም ቢሆኑ ሕግ የወጣ ዕለት ነው ሽንቁሩን መፈለግ የሚጀምሩት። ማን ያየዋል ደግሞ? ሞተር አይመሰክር!»

«አንተን እኮ ከፊትህ ተሰልፎ የሚገባ ሹፌር ያናድድሃል። ትናንት እራት ሰዓቱን ሙሉ ስትሳደብ ነበር።»

«እሱ ሌላ ነው» አለ አባቷ። «እሱ እኔ ላይ ነው የገባው።»

ሚስማር ዲስኩርን ናቀችው፣ ላባን ናቀችው፣ መምህሩን ናቀቻቸው፤ አሁን ደግሞ አባቷ ተጨመረ። የምትንቃቸው ሰዎች ሲበዙ ከፍ ያለች መስሏት ተኛች።

በማግሥቱ ልኬቱ የተደረገው ሰፊ መጋዘን ውስጥ ነው። መኪኖቹ በየተራ ወለሉ ላይ በተገጠሙ ተሽከርካሪ ብረቶች ላይ እየወጡ ባሉበት ቆመው ይነዳሉ፤ የሞተሩ ጉልበት ግድግዳው ላይ ባለ ትልቅ ሰሌዳ ይታያል። እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ዕድል አለው፤ የሚያዘው የተሻለው ነው። ዋና ዳኛዋ ፀጉራቸውን በእርሳስ የሰኩ መሐንዲስ ናቸው። ወደ ሰሌዳው እንጂ ወደ ሰው ብዙ አያዩም።

ከእነሚስማር በፊት የወጣችው ኤሊ የተባለችው የሌላ ትምህርት ቤት መኪና ነበረች። ይህን ስም ያወጣችላት ሚስማር ራሷ ናት፤ ባለፈው ውድድር ወደ መጨረሻው መስመር የደረሰችው ሌሎቹ የራስ ቁራቸውን አውልቀው፣ ተጨባብጠው፣ ወደ ቤት ሊሄዱ ሲሉ ነው። «ኤሊ መጣች!» ብላ ጮኻ ሜዳውን ሁሉ አስቃ ነበር። የኤሊ ልጆች የለበሱት ቱታ የታላላቆቻቸው ይመስል ሰፍቷቸው እጅጌው ተጠቅልሏል። መካኒካቸው ጥርሱ የማይከደን ልጅ ነው፤ ሳቂታው ይሉታል።

ኤሊ ተነሳች፣ ተንዘፈዘፈች፣ ሁለቴ ተኮሰች። ሰሌዳው ላይ የወጣው ቁጥር ያሳፍር ነበር። ሚስማር አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ሳቂታውም ሳቀ፤ ከዚያ ግን ሹፌራቸውን ከመኪናው ሲያወጣት «እሰይ፣ ዘንድሮስ ማኅተሙን ይፈቱልናል» ሲላት ሚስማር ሰማች።

ቀጥሎ የእነሱ ተራ ሆነ። ላባ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጠ። ሞተሩ ታፈነ፣ አቃሰተ፣ ተልፈሰፈሰ። የሰሌዳው ቁጥር ወጣ፤ ከኤሊ በታች።

ከጥግ አንድ ሰው «ውይ» አለ። ዲስኩር ልክ እንዳዘነ ሰው ግንባሩን ያዘ፤ ከእጁ ሥር ግን ከንፈሩ በፈገግታ እየሸሸ ነበር። የኤሊ ልጆች ተያዩ። ሹፌራቸው ጓንቷን አውልቃ መሬት ላይ ወረወረች። አንዱ ዝም ብሎ መሣሪያቸውን ወደ ሳጥን መመለስ ጀመረ።

በዕረፍቱ ሰዓት ሚስማር መኪናው ጎን ብቻዋን ቁጭ ብላ ነበር። የጫማ ድምፅ ሰማች። ሳቂታው ነው።

«ይቅርታ፣ ልረብሽሽ ነው?» አለ። «ያንቺን ሞተር ባለፈው ሰምቼው ነበር። እንዴት ያለ ድምፅ ነበረው በናትሽ! ቤት ሄጄ ለወንድሜ በአፌ አስመስዬ አሰማሁት። ዛሬ ምን ነካው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች ሚስማር።

«ካርቡሬተሩ ከሆነ እኛ ትርፍ አለን። ያገለገለ ነው፤ ግን ንጹሕ ነው። ለሁለተኛው ዙር ትሞክሩታላችሁ።» ከቱታው ኪስ በጨርቅ የተጠቀለለ ዕቃ አወጣ።

ሚስማር አፈጠጠችበት። «አብደሃል? እኛ ካሻሻልን ዕድሉ ለእናንተ እንደሚሆን አስበህ ነው አይደል?»

ሳቂታው ቀላ። «እሱማ... አዎ፣ እሱም አለ። ለምን እዋሻለሁ። ግን ዕድሉ ባይኖርም አመጣልሽ ነበር። እንዲህ ያለ ሞተር ታንቆ ሲሞት ማየት ይከብዳል።» ከዚያ ትከሻዋን በስሱ ነካ አደረገ። «አይዞሽ። እኛም ላይ በየጊዜው ይደርሳል። ይለመዳል።»

ጨርቁን አጠገቧ አስቀምጦ ሄደ።

አይዞሽ! ከኤሊ መካኒክ! ሚስማር በሕይወቷ እንዲህ ተሰድባ አታውቅም። ዓለም ሁሉ ሞተሯን አይቶ ይህች ልጅ አትችልም ብሏል፤ ኤሊ ራሷ አዝናላታለች። ተነሳች። የመጣላትን አይዞሽ ከነጨርቁ እዚያው ትታ ቁልፏን አነሳችና ካርቡሬተሩን ፈታች፤ ጣቷን አስገብታ ሮንዴላዋን ነቅላ አወጣችና ወደ ቆሻሻ መጣያው ወረወረቻት። መልሳ መግጠም ስትጀምር ዲስኩር እየሮጠ መጣ።

«ምን እያደረግሽ ነው? አሁን እኮ በእጃችን ገብቷል!»

«ዞር በልልኝ።»

«ቡድኑን እየካድሽ ነው! እኔ እንደ ካፒቴን...»

«አንተ እንደ ካፒቴን ቁልፉ በየት በኩል እንደሚያዝ ለይ መጀመሪያ። ከዚያ ታወራለህ።»

ዳኛዋ ቁጥራቸውን ጠሩ። ዲስኩር በሰው ፊት ሊታገላት አልደፈረም።

በሁለተኛው ዙር ሞተሩ ጮኸ። የመጋዘኑ የቆርቆሮ ጣሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ሰሌዳው ላይ ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣ፣ ሁለተኛ ላይ ቆመ። ሰው አጨበጨበ። የኤሊ ልጆች እየዘለሉ ተቃቀፉ፤ ደካማዋ መኪና በይፋ የእነሱ ሆነች፤ በሽንፈታቸው እንዲህ የተደሰተ ቡድን ታይቶ አይታወቅም።

ዲስኩር ግን ዲስኩር ነው። ገና ጭሱ ሳይበተን ማይክራፎኑ ጋ ደርሶ ነበር። «ተስፋ አለመቁረጥ የቡድናችን መለያ ነው! በዕረፍቱ ሰዓት ካርቡሬተሩ ውስጥ የገባውን ቆሻሻ አግኝተን...» መምህሩ ከኋላው ቆመው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አሁን ጆሯቸው በደንብ ይሰማል።

ሚስማር እጇን እየጠረገች ፈንጠር ብላ ቆመች። ከሁሉም በላይ ነበረች። ሞተሯ ነጻ ወጥቷል፣ አጭበርባሪዎቹ አልተሳካላቸውም። ሳቂታው እየሮጠ መጣ፤ ፊቱ በሙሉ ጥርስ ነበር።

«እሱ ነው! እሱ ነው ድምፁ! ቆሻሻ ነበር እንዴ?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ዲስኩር በማይክራፎን ብሎላታል። ግን የዲስኩርን ውሸት በራሷ አፍ ማላመጥ አልሆነላትም።

«ቆሻሻ አልነበረም» አለች። «ሆን ተብሎ የታፈነ ነው። ተጨማሪውን ፈቃድ ከእናንተ ለመውሰድ።»

«ማነው ያፈነው? ያ ካፒቴናችሁ?»

«እሱ ሮንዴላን ከሳንቲም አይለይም። ያፈንኩት እኔ ነኝ።»

የሳቂታው ጥርስ ቀስ እያለ ተከደነ። አልተቆጣም፤ አልተሳደበም። አገጩን ትንሽ ከፍ፣ ዓይኑን ትንሽ ጠበብ አድርጎ ከላይ እስከ ታች አያት፤ እንደማይረባ ነገር። ሚስማር ያንን አስተያየት አወቀችው። ስንቱን ሰው እንዲያ አይታለች። በዚያኛው ወገን ቆማ ስታየው ግን የመጀመሪያዋ ነው።

ሳቂታው በጨርቅ የተጠቀለለውን ካርቡሬተር ከመሬት አንስቶ ወደ ጓደኞቹ ሄደ።

ማይክራፎኑ ላይ ዲስኩር አሁንም ስለ ታማኝነት እያወራ ነው። ላባ ለፎቶ እየጠራት እጁን ያውለበልባል፤ «ሚስማር! ነይ እንጂ!»

የዳኛዋ ጠረጴዛ በመጋዘኑ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው። ፊት ለፊታቸው ሁለት ሰዎች ተራ ይዘው ቆመዋል። ሚስማር ፎቶ በሚነሱት ፊት አልፋ ሄደችና ከኋላቸው ተሰለፈች።