የይስማው ሬድዮኖች

አቶ ይስማው የሞቱት መብራት በጠፋበት ሰሞን ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ምሰሶ ላይ እየወጡ ለደብረ ማርቆስ ሰው መብራት ሲያስገቡ ኖረው፣ እሳቸው ግን በኩራዝ ተገነዙ። ልጃቸው የኔዓለም ይህን ስታስብ ማልቀስም መሳቅም ያምራታል። አባቷ ቢሰሙ ኖሮ ቀድመው የሚስቁት እሳቸው ነበሩና።

ስማቸው ራሱ ቀልድ ነበር። ይስማው! ስሙን ያወጡላቸው እናታቸው ምን እንዲሰማ አስበው እንደሆነ እንጃ፤ እሳቸው ግን ሬድዮ ሲሰሙ አደጉ፣ ሬድዮ ሲሰሙ አረጁ። ሰው «አሮጌ ነው» ብሎ የጣለውን ሁሉ እየለቀሙ የጓሮዋን ክፍል ጢም አድርገው ሞልተዋታል። ባለ ጥሩንባ የሸክላ ማጫወቻ፣ ፍም የሚጎርስ የከሰል ካውያ፣ ድሮ በላምባ ይሠራ የነበረ አሁን ግን የሽቦ ማስቀመጫ የሆነ ፍሪጅ። ከሁሉ በላይ ግን ሬድዮኖቹ። ለእያንዳንዳቸው ስም አላቸው። ፊቷን በጨርቅ የሸፈነችውን ባለ ሣጥኗን «እሜቴ» ይሏታል። ቆዳ የለበሰውን «ወታደሩ»። በጥፊ ካልተመታ የማይናገረውን ደግሞ «ልግመኛው»።

ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የሁሉንም ማዞሪያ ቀጭ ቀጭ እያደረጉ ይከፍታሉ። የድሮ ሬድዮ ቶሎ አይናገርም፤ ሆዱ ውስጥ ያሉት አምፖሎች እስኪሞቁ ዝም ይላል።

«ትልቅ ሰው እንዲህ ነው፤ አስቦ ነው የሚናገር» ይሉ ነበር፣ የኔዓለምን በጎን እያዩ። እሷ ሳታስብ ነዋ የምትናገረው።

ታረቀኝንም ያመጣው ሬድዮ ነው። አንድ የክረምት ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። ስትከፍት አንድ ጎረምሳ ዝናብ እየወረደበት ቆሟል። ጃኬቱን አውልቆ የሆነ ነገር ጠቅልሎበታል፤ እሱ በስስ ሸሚዝ ይንቀጠቀጣል።

«ሬሳ ነው የታቀፍከው?» አለችው።

«በሽተኛ ነው እንጂ አልሞተም። አባባ ይስማው ጋ ላሳክመው ነው።»

«ሬድዮ? እሱ ሲድን አንተ ልትሞት ነው እኮ።»

«ብሞትስ? አትቀብሪኝም?»

«የማላውቀውን ሰው አልቀብርም። ስምህ ማን ነው?»

«ታረቀኝ።»

«ገና ሳንጣላ?»

ልጁ ሳቀ። ጥርሱ በብርድ እየተንገጫገጨ ሳቀ። «ያንቺስ?»

«የኔዓለም።»

ደገመው። ሲደግመው ግን መሐል ላይ ትንሽ ትንፋሽ ወሰደ። «የኔ... ዓለም።» ብርዱ ይሁን ሌላ አላወቀችም። ብቻ ያቺ ትንፋሽ የገባችበት ቦታ፣ ደረቷ ውስጥ ሞቀ።

ይኼኔ አባቷ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ውይ የኔ ልጅ! የአማኑኤሉ ታረቀኝ አይደለህም? ምነው እንዲህ ረዘምክ! የኔዓለም፣ የክርስትና ልጄ እኮ ነው! ወንድምሽን ዝናብ ላይ ታቆሚዋለሽ?»

ወንድምሽ። ቃሉ ዘግይቶ ደረሰ።

ክርስትና ያነሣ ሰው አባት ነው፤ ልጁና የክርስትና ልጁ ደግሞ ወንድምና እህት ናቸው። ወንድምና እህት አይጋቡም። ይህን ለማወቅ ዜማ ቤት መግባት አያሻም፤ የኔዓለም ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣም አሳምራ ታውቀዋለች። ታረቀኝም ያውቀዋል። ማተቡን ባየ ቁጥር ያውቀዋል።

ከዚያ ወዲያ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ለመደ። አማኑኤል ከተማ ላይ ስልክ መጠገኛ ቢጤ አለችው፤ እሷን ዘግቶ ይመጣል። አባቷና እሱ ሬድዮ ፈትተው ሲገጥሙ እሷ በር ላይ ቁጭ ብላ ታሾፋለች። ሰው ፊት ከስሟ በቀር ምንም ብሎ ጠርቷት አያውቅም። ግን ያቺን ትንፋሽ አይተዋትም። እናቷ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ አጠገባቸው ተቀምጠው ምስር እየለቀሙ፣ እሱ «የኔ... ዓለም፣ ያንን መፍቻ አቀብይኝ» ሲል፣ የሚሰሙት ስም ብቻ ነው።

እሷም የእሱን ስም መሣሪያ አድርጋዋለች። አንድ ቅዳሜ ቀርቶ በሚቀጥለው ሲመጣ ፊቷን አዞረችበት። እሱም ኮራ። ቡና ተጠጥቶ አለቀ፤ ሁለቱም ዝም። ሊወጣ በሩ ላይ ሲደርስ አላስቻላትም።

«ታረቀኝ!»

ዞረ። «ስሜን ነው የጠራሽው ወይስ እርቅ ነው?»

«ስምህን ነዋ! ማን ይለምንሃል?»

«እንግዲያው ድገሚው።»

ደገመችው። ቀስ ብላ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም መሬት መሬት አዩ።

አንድ ቃል ብቻ ነበረች የማይወጣት። እናቷ «ወንድሜ በይው እንጂ!» ባሏት ቁጥር ወሬ ታስለውጣለች። እሱም አንድ ቀን ጠየቃት፤ «ለምንድን ነው ወንድሜ የማትይኝ?»

«አፌን ያመኛል» አለችው።

ሌላ ምንም አልተባባሉም፤ እጇንም ነክቷት አያውቅም። ነገሩ ተስፋ እንደሌለው ሁለቱም ያውቃሉ። የሚመኙት ቅዳሜ እንዳይጠፋባቸው ብቻ ነው። ሬድዮኖቹ እዚያች ክፍል ውስጥ እስካሉ ድረስ ደግሞ ቅዳሜ አለ፤ ማንም «ምን ፈልጎ መጣ?» አይልም።

ከዚያ አባቷ ሞቱ።

ሐዘን ቤት ሬድዮ አይከፈትም። ሬሳ ላይ እንደ መዝፈን ነው። የኔዓለም ግን በቀብሩ ማግስት ጠዋት እግሯ ወደ ጓሮ ወሰዳት። ክፍሏ አባቷን አባቷን ትሸታለች። ሳታስበው የሬድዮኖቹን ማዞሪያ እንደ እሳቸው ቀጭ ቀጭ አደረገቻቸው። መብራት የለ፣ ማን ሊሰማ? ቀጭ ማለታቸውን ብቻ ነበር የፈለገችው። መልሳ ለመዝጋት ግን አንጀቷ እንቢ አላት።

የሣልስቱ ዕለት ግቢው በሰው ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ድንኳኑ ውስጥ ተኮልኩለዋል። ታረቀኝ ከጎረምሶቹ ጋር ንፍሮ ያዞራል። የነፍስ አባታቸው ጸሎት ሊጀምሩ መስቀላቸውን እንዳነሡ፣ በረንዳው ላይ ያለው አምፖል ቦግ አለ።

«መብራት መጣ!» ብሎ አንድ ሕፃን ጮኸ። እናቱ አፉን ያዘችው።

የኔዓለም ያልዘጋቻቸውን ማዞሪያዎች አስታወሰች። ተነሥታ እንዳትሮጥ ሰው መሐል ናት። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተሰማም። እነ እሜቴ እያሰቡ ነበር።

መጀመሪያ እሜቴ እህህ አለች። ከዚያ ከጓሮዋ ክፍል የሰርግ ዘፈን ከነእልልታው ፈነዳ። ወታደሩ ቀጠለ፤ «ውድ አርሶ አደሮቻችን...» እያለ ስለ ማዳበሪያ ያወራል። ሌሎቹ ያፏጫሉ፣ ያጓራሉ፣ በማይታወቅ ቋንቋ ይንጫጫሉ። ድንኳኑ ክው አለ። ካህኑ መስቀላቸውን እንዳነሡ ቀሩ።

የአባቷ ታናሽ ወንድም አያ ዘመነ ለለቅሶው ከአምበር ከተማ የመጡ ናቸው። ሮጠው ገብተው ሽቦውን ነቅለው ወጡ።

«ማን ነው የከፈተው?»

«እኔ ነኝ!» አለች የኔዓለም።

«እኔ ነኝ!» አለ ታረቀኝ።

በአንድ ትንፋሽ ነው ያሉት። አንዱ ሌላውን ለማዳን ሲሽቀዳደም ቃላቸው ተጋጭቶ ሰው ፊት ወደቀ። ከዚያ ተያዩ፤ ባይተያዩ ይሻል ነበር።

«አንድ ማዞሪያ በሁለት እጅ ነው እንዴ የሚዞረው?» አሉ አያ ዘመነ።

ከጥግ አንዲት አሮጊት «ወንድምና እህት መስለው ይተዛዘናሉ» አሉ፣ «መስለው» የምትለዋን ረገጥ አድርገው። የኔዓለም እናቷን አየች። እናቷ ያን ሁሉ ጊዜ ምስር ሲለቅሙ የሰሙትን ስም እንደገና እየሰሙ ይመስል ነበር።

ማምሻውን ጠሯት።

«አልነካኝም፣ እማዬ» አለች ሳትጠየቅ።

«መቼ ነካሽ አልኩ?» አሉ እናቷ። አልተቆጡም፤ መቆጣት ራሱ ደክሟቸዋል። «አባትሽ ክርስትና ሲያነሣው ከካህኑ እጅ ተቀብሎ ታቅፎታል። አንቺንም በዚያው ክንዱ ነው ያቀፈሽ። ምን ላድርግልሽ ልጄ?»

«እኔን በግራው ነው ያቀፈኝ በይልኝ።»

እናቷ ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙት። «በቀኙ ነው» አሉ። ያን ቀን ሁለቱ ተቃቅፈው ያለቀሱት ለማን እንደሆነ አይታወቅም።

ታረቀኝ ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ አልመጣም። አርባው እንዳለፈ ግን ሽማግሌዎች አስጠሩት። የጓሮዋ ክፍል ልትከራይ ነው፤ ከእንግዲህ እናትና ልጅ የሚኖሩት በሷ ኪራይ ነው። አሮጌው ዕቃ መውጣት አለበት። አያ ዘመነ ደግሞ ስማቸው ዘመነ ነውና አሮጌ ነገር ዓይናቸውን ያመዋል። ልዋጭ ጠርተው አስቀምጠዋል። ሰውየው አሮጌ ዕቃ ወስዶ አዲስ የፕላስቲክ ሳፋና ጆግ ይሰጣል። ሳፋዎቹን በራፉ ላይ ደርድሮ፣ መዶሻውን ይዞ ይጠብቃል።

«ይስማው በሕይወት እያለ ሬድዮኖቹ የታረቀኝ ናቸው ይል ነበር» አሉ እናቷ፣ ለሽማግሌዎቹ።

«ይሁን» አሉ አያ ዘመነ። «ውርስ ለልጅ ነው። ልጁ ከሆነ እዚሁ እናንተ ፊት ‹ልጁ ነኝ፣ ይቺም እህቴ ናት› ይበልና ይረከብ። እንቢ ካለ ልዋጩ በር ላይ ነው።»

የኔዓለም ወጥመዱን አየችው። ታረቀኝም አየው። ያቺን አረፍተ ነገር ካለ፣ ሀገር እያወቀ ወንድሟ ነው። ሬድዮኖቹም ይወጣሉ፣ ቅዳሜም አብሮ ይወጣል። ካላለ ደግሞ...

«እኔ ዕቃ አልፈልግም» አለ ታረቀኝ።

«ልጄ» አሉ የነፍስ አባታቸው፣ «የጠየቅንህ ስለ ዕቃ አይደለም።»

ታረቀኝ አንገቱን ደፍቶ ማተቡን በጣቱ ያጠነጥናል። የኔዓለም እዚያው ቆማ፣ ዝም በል፣ ዝም በል እያለች በልቧ ትለምነዋለች። ስለ አባቷ ሬድዮ ግድ አልነበራትም ማለት ነው? ነበራት። ግን ያን ሰዓት ሌላ ነገር ይበልጥባት ነበር።

«እንግዲህ ልጁ አይደለም» አሉ አያ ዘመነ። ለልዋጩ በእጃቸው ምልክት ሰጡት።

ሰውየው ከበሩ አጠገብ የነበረውን መጀመሪያ አነሣ። ልግመኛው ነበር። የሚፈልገው ሆዱ ውስጥ ያለውን መዳብ ብቻ ነው። መሬት ላይ አስቀመጠውና በመዶሻው አንድ ጊዜ መታው። ውስጡ ያሉት አምፖሎች ፏ ፏ ብለው ፈነዱ። ዕድሜውን ሙሉ ሲመቱት የሚናገረው ልግመኛው፣ ተመትቶ ዝም አለ።

እናቷ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ታረቀኝ የተመታው እሱ ይመስል ጎበጠ፤ ግን አሁንም አልተናገረም። ሰውየው እሜቴን ለመሸከም እጁን ዘረጋ። የኔዓለም የእሜቴን የጨርቅ ፊት አየች፤ የአባቷ ጣት እየነካው የወዛውን ማዞሪያ አየች።

ትልቅ ሰው አስቦ ነው የሚናገር። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አስባ ተናገረች።

«ወንድሜ» አለች፤ አፏን እንዳመማት። «ውሰዳቸው።»

ታረቀኝ ቀና ብሎ አያት። በጥፊ የተመታ ሰው እንኳ እንዲህ አያይም። «እንዴት ቻልሽው?» የሚል ዓይን ነበር። ከዚያ ዓይኑን ከሷ ላይ ነቅሎ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

«ልጁ ነኝ» አለ። «እሷም እህቴ ናት።»

ሽማግሌዎቹ መረቁት። አያ ዘመነም ሳይወዱ አሜን አሉ። ልዋጩ ሳፋዎቹን ሰብስቦ እያጉረመረመ ሄደ።

ታረቀኝ አንዲት አሮጌ አይሱዙ ተከራይቶ ጫናቸው። ሬድዮኖቹን አንድ በአንድ በጭድ መሐል እያስተኛ ደረደራቸው፤ ካውያውንም፣ ፍሪጁንም፣ ባለ ጥሩንባውንም። የልግመኛውን ስብርባሪ ሳይቀር በጃኬቱ ጠቅልሎ ወሰደ። ያን ሁሉ ሲያደርግ የኔዓለምን አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ አላያትም። ጠግቦ ሳይሆን ቆስሎ የኮራ ሰው ነው። አማኑኤል ሩቅ አይደለም፤ መንገዱ ካልተዘጋ ለምሳ ሰዓት ይደረሳል። ምክንያት ለሌለው ሰው ግን ከባሕር ማዶ ይርቃል።

ሞተሩ ተነሣ። መኪናው ጭስ እየተፋ ከበሩ ወጣ። ሽማግሌዎቹም፣ ጎረቤቱም፣ ያቺ አሮጊትም መንገድ ዳር ቆመው ያያሉ። የኔዓለም ሩጫ በሚመስል እርምጃ እስከ መንገዱ ወጣች።

«ታረቀኝ!»

መኪናው ላይ ከዕቃው ጋር የተቀመጠው ልጅ አልዞረም።

«ታረቀኝ!» አለች ደግማ። ድምጿ ተሰነጠቀ።

አሁን ዞረ። እሜቴን በአንድ ክንዱ እንዳቀፈ፣ ፊቱ በአቧራና በእንባ ዥንጉርጉር ሆኖ፣ አያት። መኪናው ማርሽ ሲቀይር ለአፍታ ዝግ አለ።

«እሺ» አለ። ከዚያ ትንሽ ትንፋሽ ወሰደ። «የኔ... ዓለም።»

መኪናው ታጠፈ።

ስትመለስ እናቷ በሩን ይዘው ቆመዋል። በስተኋላቸው የጓሮዋ ክፍል ባዶዋን ተከፍታለች፤ ግድግዳው ላይ ሬድዮኖቹ የነበሩበት ቦታ ብቻ ነጣ ነጣ ብሎ ይታያል።

«ምን ብለሽ ነው እንዲህ የጮኽሽበት?» አሏት፣ ቀስ ብለው።

«ስሙን ነው የጠራሁት።»

እናቷ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ። «እሱስ?»

«እሱም ስሜን ነው የጠራው፣ እማዬ። ስሜን ብቻ።»