ጆሮው በጎኑ

የዘፋኟ የራዶይካ ራስ ከጆሮዋ በላይ ተፈርክሷል። ደሟ በስቱዲዮው ምንጣፍ ላይ ረግቷል፤ ጊታሩም አጠገቧ እንክትክት ብሏል። በዚያ ሁሉ ትርምስ መሐል ትልቁ ማይክራፎን ብቻ በብረት መቆሚያው ላይ አለ፤ ጋደም ብሎ፣ ጫፉን በዘፋኝ አፍ ልክ አነጣጥሮ።

መርማሪ ዴሳንካ ተንበርክካ የመቆሚያውን ከባድ እግር ገለበጠችው። ላዩ ተጠርጓል፤ ብሎኑ ሥር ግን ደም አለ።

«በዚህ ነው የመታት» አለች። «ከዚያ ጠርጎ መልሶ አቆመው።»

በዚያ ረፋድ ዜሙን ሰፈር በሚገኘው በዚህ ቤት የነበሩት ሦስት ናቸው። የስቱዲዮው ባለቤት ስታና ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ማይክ ስንመርጥ ነው የሰነበትነው፣ እመቤቴ። ለድምፅም ለጊታርም የሚሆን አንድ ፈልገን። ቀጭኑ ጊታሩን ኩልል ያደርገዋል፣ የሷን ድምፅ ግን ምላጭ ያስመስለዋል። ወፍራሙ ሁለቱንም ሞቅ አድርጎ ያዘላት። ዛሬ ልንቀዳ ነበር። አቁሜላት ፎቅ ወጣሁ።»

የጊታሪስቱ የኦግነን ሸሚዝ በደም ርሷል።

«ለቁርሳችን ቡሬክ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ወድቃለች። አቅፌ ላነሳት ሞከርኩ።»

«ትወዳት ነበር?»

«ድምፅዋን የማይወድ ማን አለ?»

የሟች ባል ቬሊቦር፣ የመሸታ ቤቶች ስመ ጥር ዘፋኝ፣ ይህን ሲሰማ ተወርውሮ በቡጢ አፉን አለው። ጥርስ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

«አንተ ውሻ! አንተ ነህ የገደልካት!»

ፖሊሶች ገላገሏቸው።

«አንተስ የት ነበርክ?» አለች ዴሳንካ።

«መኪናዬ ውስጥ ተኝቼ! እኔ ምን ቆርጦኝ እገላታለሁ? ማይኩን እንኳ አብሬያት የመረጥኩት እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ማይክ ጨብጬ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ሴትዮ!»

ዴሳንካ ማይኩን አስፈትታ በሌላ መቆሚያ ላይ አስቀመጠች። አንድ በአንድ እያስገባች «ለዘፈን አስተካክለህ አቁመው»፣ «አስተካክለሽ አቁሚው» አለቻቸው። በመጨረሻ ሦስቱንም ሰበሰበች።

«ስታናና ኦግነን ቀጥ አድርገው አቆሙት፤ ጎኑን ወደ አፍ አዙረው። የዚህ ማይክ ጆሮው በጎኑ ነውና። ቬሊቦር ግን ጫፉን ወደ አፉ አጋደመው፤ እንደ መድረክ ማይክ። ገዳዩም ያቆመው እንዲሁ ነበር።»

«አውቀው ቢያጋድሙትስ? በኔ ሊያላክኩ!»

«ሊሆን ይችላል። ግን አብሬያት መረጥኩ ያልከው ማይክ በየት በኩል እንደሚሰማ እንኳ አታውቅም። ለምን ዋሸህ? ደግሞ ሬሳዋ ከተገኘ ወዲህ ከፈተሹት ፖሊሶቼ በቀር ወደ መኪናህ የሄደ የለም። የነዳጅ ፔዳልህ ላይ ያገኙት ደም ከየት መጣ?»

ቬሊቦር መቆሚያውን መንጭቆ ሰነዘረ። ዴሳንካ ጎንበስ አለች፤ ብረቱ የአንዱን ፖሊስ ትከሻ ሰበረው። ሦስት ሆነው በፊቱ ደፉት።

«አንድ ድምፅ፣ አንድ ጊታር ብቻ አለችኝ!» ጮኸ ምንጣፉ ላይ። «ያንተ ጩኸት አያስፈልገኝም አለችኝ! ስንት ዓመት አብረን ዘፍነን! እኔስ ምን ልሁን?»

ኦግነን ደሙን እየተፋ፣ «ዝም አሰኘሃት እንግዲህ» አለው።

ካቴናው ላይ ኮት ጣል አድርገው ወደ ውጭ አወጡት። ከመንገዱ ማዶ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አነሳለት።

«ቬልያ! ዛሬ ማታ ትዘፍንልናለህ አይደል?»

ቬሊቦር በልማዱ እጁን ሊያነሳለት ሲል ኮቱ ወደቀ፤ ካቴናው ታየ።