ገጹ ያላሳየው ለውጥ

ውሸታም የሚለኝ ካለ ይበለኝ። ይሄ በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ኅዳር ነበር፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ፕሎቭዲቭ ከተማ፣ ቢሯችን ውስጥ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም።

ሩሚያና እባላለሁ፤ ፕሮግራመር ነኝ። ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንቶች ፕሮግራም እንሠራለን። ቤታቸው የምትገጠም ትንሽ ሳጥን፣ በቤቱ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ትቆጥራለች፤ ልጆቻቸው ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ካለው ገጻችን ያያሉ።

የመጀመሪያዋን ሳጥን ለሙከራ የገጠምኳት አባቴ ቤት ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ገጠር ብቻውን ነው፤ ልቡም ደካማ ነው። እኔም ከእሱ ሌላ ማንም የለኝም።

ቁጥሩ በተለወጠ ቁጥር የሚነግረኝ ጠባቂ ኮድ ጽፌ ነበር። ከገጹ ውጭ፣ ለብቻው ፋይል ውስጥ። ገጽ ውስጥ የጻፋችሁት ጠባቂ ገጹ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። ውጭ ያቆማችሁት ግን በእጃችሁ ካላስቆማችሁት አይሞትም።

እኔ ሙከራው ካለቀ በኋላ ማስቆሙን ረሳሁት።

«ሳምንት ሙሉ?» አለ አጠገቤ የሚሠራው ኦግኒያን። «አሁን ነው ትዝ ያለሽ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!»

እየሳቅኩ ላጠፋው ኮምፒውተሬ ላይ ፋይሉን ከፈትኩ። ስልኬ ጮኸ። አባዬ ነው።

«ሩሚ፣ ለብርዱ ወራት በጨው የሚቀመጠውን ጎመን እየከተፍኩ ነው። ጨዉ ስንት ነበር?»

ቢላው ጣውላው ላይ ቷ... ቷ... ይላል። እሱም እንደ ልማዱ ያስላል።

«አባዬ፣ በየዓመቱ ትጠይቀኛለህ እኮ!»

«የምታውቀው እናትሽ ነበረች፤ እኔ ምን ላድርግ?»

ልመልስለት አፌን ስከፍት... ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር ወጣ።

1 ነበር፣ 0 ሆነ።

0 ነበር፣ 1 ሆነ።

ሁለቱም በአንድ ሰከንድ ውስጥ።

ገጹን አየሁት። 1 ይላል። ንቅንቅ አላለም።

«ኦግኒያን... ና እስቲ። ገጹ ይሄን ለምን አላሳየኝም?»

«ገጹ የሚያሳየው መጨረሻ ላይ የቀረውን ብቻ ነው። መሃል ያለውን ይዘለዋል። ጠባቂሽ ግን እያንዳንዷን ያያል።»

ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ...

«አንድ ወጣ... አንድ ገባ ማለት ነው።»

ያኔ ነው ቢላው መቆሙን ያስተዋልኩት።

«አባዬ?»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

«አባዬ!»

«አለሁ፣ ሩሚያና።»

አባቴ በሕይወቱ ሩሚያና ብሎኝ አያውቅም። ሳሉም የለም።

«ማን አለ አንተ ጋ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ማንም። አንድ ነኝ።»

እናንተዬ... እንዲህ ብሎ የሚመልስ ሰው ታውቃላችሁ?

ለኦግኒያን «አምቡላንስ ጥራልኝ!» ብዬ ስልኩን ሳልዘጋ ወደ መኪናዬ ሮጥኩ። ግማሽ ሰዓት ነዳሁ። በስልኩ ውስጥ ቢላው እንደገና ጀምሯል። ቷ። ቷ። ቷ። አንድም ጊዜ ሳያርፍ።

አምቡላንሱን ቀድሜ ደረስኩ። ከአጥሩ በር ላይ ሆኜ በመስኮቱ አየሁት። አባዬ ጠረጴዛው ጋ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጦ ጎመን ይከትፋል።

እፎይ አልኩ። እንባዬ መጣ።

ከዚያ... ከመስኮቱ ውጭ፣ ዝናቡ ውስጥ የቆመ ሰው አየሁ።

የቤት ነጠላ ጫማ አድርጓል። እኔ የገዛሁለትን ሹራብ ለብሷል። መስታወቱን በሁለት መዳፉ ይደበድባል... ድምፅ የለውም። ሲያስል ትከሻው ይርገፈገፋል... ድምፅ የለውም።

ዞሮ አየኝ።

ከንፈሩ «ሩሚ» ሲል አየሁት። በእናቴ ስም እምላለሁ፣ አየሁት!

«አባዬ!» ብዬ በጭቃው ላይ ሮጥኩ።

ስደርስ ማንም የለም። ጭቃው ላይ የእኔ ዱካ ብቻ ነው ያለው። መስታወቱ ላይ ግን፣ ከውጭ በኩል፣ የሁለት መዳፍ ምልክት ቀርቷል። ዝናቡ ይመታዋል፤ አይለቅም።

ውስጥ ያለው ቢላውን አስቀመጠ። ተነሳ። ወደ መስኮቱ መጣ።

መዳፎቹን በምልክቶቹ ትይዩ፣ ከውስጥ በኩል፣ መስታወቱ ላይ ቀስ አድርጎ አሳረፋቸው።

ልክክ አሉ።