ያልነካናት ሳህን

እመኑም አትመኑም፣ ያየሁትን ነው የምጽፈው።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር። ሰው ሁሉ ምሳ ወጥቷል። ላብራቶሪው ውስጥ የቀረነው እኔና ፕሮፌሰሩ ብቻ ነን።

ክዳን ያላቸው ሁለት ትንንሽ የላብራቶሪ ሳህኖች ነበሩን። በሁለቱም ውስጥ ከአንድ አይጥ አንጎል የተወሰዱ ሕያው ሴሎች አሉ። አንዷን በየቀኑ በኤሌክትሪክ እንነካታለን። ሁለት ምት... ከዚያ ሦስት። ትማር እንደሆነ ለማየት ነው። "ተማሪዋ" እንላታለን።

ሌላዋን ለማነጻጸሪያ አስቀመጥናት እንጂ ነክተናት አናውቅም። እሷ "እህትየዋ" ናት።

ሴሎቹ ምት በላኩ ቁጥር ስፒከር ጠቅ ይላል፤ የተማሪዋ በግራው ይሰማል፣ የእህትየዋ በቀኙ።

ያን ቀን ከቀኙ ስፒከር...

ጠቅ፣ ጠቅ... ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

ማንም ሳያስተምራት!

"በረኪና አድርጊባትና ድፊያት" አለኝ ፕሮፌሰሩ በሹክሹክታ።

"ለምን?"

"ያልነካናት ይህን እያለች ኤሌክትሪኩ አስተማረ ብንል ማን ያምነናል?"

"ፕሮፌሰር፣ ሦስት ዓመት ለፍቼበታለሁ። እባክዎ እውነቱን እንጻፍ።"

"መመረቅ አትፈልጊም?"

አልደፋም አልኩ።

የራሱ እንዳይበላሽበት የኔን ነጭ ጋወን ከመስቀያው አንስቶ ለበሰ። በረኪናውን ራሱ አፈሰሰባት። ቀኙ ስፒከር ጸጥ አለ። ከቀኙ ስፒከር የመጣውን ገመድ ነቅሎ ሳህኗን ደፋት፣ እጁን በጋወኔ ጠረገና መልሶ ሰቀለው። በጋወኔ!

ከዚያ ወዲህ ተማሪዋም ዝም አለች።

ሴሎቿ አልሞቱም፣ በማይክሮስኮፕ አይቻቸዋለሁ። ግን ብንነካትም ብንተዋትም... ዝም።

ሊያዩዋት እንግዶች መጡ። ዝም።

"አንቺ ነሽ ያበላሸሻት" አለኝ በሰው ፊት። "ምረቃውን እርሺው።"

እንግዶቹን ሊሸኝ ወጣ። በረኪና በረኪና የሚሸተውን ጋወን ከመስቀያው መንጭቄ ኮሪደሩ ላይ ወረወርኩት።

ከኋላዬ፣ ከግራው ስፒከር...

ጠቅ፣ ጠቅ... ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

ጋወኑን መልሼ አስገባሁት። ዝም።

አወጣሁት። ጠቅ፣ ጠቅ...

ዓይን የላት፣ አፍንጫ የላት። ክዳኗም ተዘግቷል።

ፕሮፌሰሩ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ።

"ደግሞ ምን ሆንሽ?"

አንቱ ማለት አስጠላኝ።

"ዝም በልና ስማ" አልኩት።

ከግራ... ጠቅ፣ ጠቅ።

ሦስቱን ጠበቅን። ከግራ አልመጡም።

ከቀኝ መጡ።

የተነቀለው የቀኙ ስፒከር ገመድ ጫፍ ባዶው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል።