የዳቦ ቤቱ ጭስ

የልጅቷ ሥራ አየር መተንበይ ነበር፤ ዝናቡን ሳይሆን ጭሱንና አቧራውን። በየጣሪያው ከተተከሉት መሣሪያዎች የሚደርሳትን ቁጥር ከነፋሱ ጋር አገናዝባ፣ በማለዳ ለነዋሪው የስልክ መልእክት ትልካለች። «አስም ያለባችሁ ዛሬ አትውጡ» ካለች ሰው ይሰማታል።

አንዱ መሣሪያ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ አስቸገራት። ሌሎቹ ንጹሕ ሲሉ እሱ ብቻ ጎህ ሲቀድ ያሻቅባል፤ በእሱም የተነሳ ለዚያ ሰፈር በየማለዳው «አትውጡ» ትላለች። በመጨረሻ ራሷ ጣሪያው ላይ ወጣች። የዳቦ ቤቱ አዲስ የጭስ ማውጫ ከማጠሩ የተነሳ ጭሱን ወደ መሣሪያውና አጠገቡ ወዳለው መስኮት ይተፋል።

ወርዳ ስትገባ፣ እስከ ቅንድቡ ዱቄት የለበሰ ወጣት ጋጋሪ፣ የዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ ተቀበላት። ማን እንደሆነች ስትነግረው ፊቱ በራ። እናቱ አስም ስላለባቸው መልእክቷን በየቀኑ እያነበበ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከቤት እንዳላስወጣቸው አጫወታት። አመሰገናትም። እሷ መሬት መሬት አየች።

«ከጣሪያው ጎን ያለው መስኮት የሳቸው ነው?»

«አዎ። ምነው?»

የማውጫው ጭስ በዚያ መስኮት እንደሚገባ ነገረችው።

ሪፖርት ካደረገች ዳቦ ቤቱ እስኪስተካከል ይታሸጋል። አንጀቷ አልችል ብሎ፣ መሣሪያውን ሌላ ቦታ ላዛውረው እንዴ አለችው።

«እማዬንስ የት እናዛውራት?» እስካሁን «እርስዎ» ሲላት የቆየው ሰው ቀና ብሎ አያት። «ጻፊው። አንድም ነገር አታስቀሪ።»

ልቧ ድንግጥ አለ።

ዳቦ ቤቱ አሥራ ዘጠኝ ቀን ተዘጋ። ጋጋሪው ጣሪያ ለጣሪያ ሲል ከርሞ ማውጫውን አስረዘመ፤ ማጣሪያም አስገጠመ። እሷም «መሣሪያውን ልፈትሽ» እያለች በየቀኑ ብቅ ትላለች። አንድ ቀን እናትየው በተከፈተው መስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ ይሄ ዕቃ ጤና የለውም እንዴ ሲሏት፣ ፊቷ እንደ ምድጃ ጋለ።

ምድጃው ዳግም በተለኮሰ ማለዳ ሁለቱ አንድ ስክሪን ላይ አጎነበሱ። ቁጥሩ ከወጣ ወይ እንጀራው ይቀራል፣ ወይ እናቱ ይታፈናሉ። ትከሻቸው ተነካካ፤ አንዳቸውም አልሸሹም። ቁጥሩ ትንሽ ወጣ። ቆመ። ወረደ፤ እንደወረደም ቀረ።

«አየሩ ንጹሕ ነው፤ ውጡ» ብላ ጽፋ ላከች።

«ከእንግዲህ ይሄን ከስልክ ማንበብ አልፈልግም» አላት ዐይኑን ሳይነቅል። «በየማለዳው ከራስሽ አፍ ልስማው። አግቢኝ።»

ጫማቸውን አጥልቀው በር ላይ ይጠብቁ የነበሩት እናት ጣልቃ ገቡ።

«እሺ በይውና እንሂድ ልጄ፤ ፀሐዩ ሳይበረታ።»

«እሺ» አለች፤ ሳቋና እንባዋ ተቀላቅሎ። እናትየውን ግራና ቀኝ ደግፈው መንገዱን ተያያዙት።